ሰመመን፣ ድንዛዜ፣ እስራት፤ በአምቡላንስ መድኃኒቶች አሰያየም ላይ የቀረበ ሒስ

አማርኛ ሕመምን በመለየት ረገድ ድኻ ቋንቋ አይደለም። ራስ ይፈልጣል፣ ጎን ይወጋል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጥርስ ይጠዘጥዛል፣ አጥንት ይቆረጥማል፤ እያንዳንዱ ግሥ የራሱ ቦታና የራሱ ባሕርይ ስላለው ተናጋሪው አንዱን በሌላው አይተካም። ይህ ሁሉ ብልጽግና ግን በበሽተኛው አንደበት የተፈጠረ ነው። ሕመምን፣ ንቃትንና እንቅስቃሴን ለማስወገድ ሐኪሙ የሚሰጣቸውን መድኃኒቶች ለመጥራት ስንነሣ ይኸው ቋንቋ በድንገት ቃል ያጥረዋል፤ «ማደንዘዣ» እና «ማስታገሻ» ከሚሉት ከሁለቱ ስሞች ብዙም አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህንና በእነርሱ ዙሪያ የበቀሉትን ስያሜዎች መርምሮ፣ የትኛው በቦታው እንደ ዋለ፣ የትኛውም ያለ ቦታው ገብቶ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ማመልከት ነው።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነኝ አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ያየሁት አንድ ረቂቅ ነው። ለአምቡላንስ ሠራተኞች ሥልጠና በአማርኛ ከሚዘጋጁት ገጾች ጥቂቱን አንድ ባለሙያ «ቃላቱን ይዩልን» ብሎ ሰጠኝ። በዚያ ግቢ ሰው ሁሉ «ዶክተር» እያለ ይጠራኝ ስለ ነበር አንድ ሾፌር ስለ ጉልበቱ ሕመም ሊያማክረኝ ቀርቦ ነበር፤ ሐኪምነቴ ለቃላት ብቻ መሆኑን ስነግረው ማዘኑን አልሸሸገም። ከረቂቁ ውስጥ ዐይኔን የያዘው የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ነው፦ «ለታካሚው ማስታገሻና ጡንቻ ማፍታቻ ከተሰጠ በኋላ የመተንፈሻ ቱቦ ይገባል።» በሰዋስው በኩል እንከን አይወጣለትም። ዳሩ ግን በውስጡ ካሉት ከሦስቱ የሙያ ስሞች አንድ ነገር ብቻ የሚያመለክት አንድም የለም።

አንባቢ የጉዳዩን ክብደት እንዲረዳው በመጀመሪያ ስለ ሥራው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ነገር ግን እርሷ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ስለ ተቆረቆረች መንገዱ ያለማቋረጥ የሚጠማዘዝ ቁልቁለት ነው። የወረዳ አምቡላንሶች በአብዛኛው የሚያመላልሱት ምጥ የያዛቸውን እናቶች ነው፤ በጉሮሮ ቱቦ ማስገባት የእነርሱ የዕለት ሥራ አይደለም። ነገሩ የሚነሣው አደጋ የደረሰበት ወይም ራሱን የሳተ ሰው ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲተላለፍ፣ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ወይም ደምና ትውከት ሞልቶበት መተንፈስ ሲያቅተው ነው። በዚያን ጊዜ አየር የሚያልፍበት ቱቦ በአፉ በኩል ሊገባለት ይገባል። ንቃት ያለው ጉሮሮ ግን ቱቦን አይቀበልም፤ ያስላል፣ ያስታውካል፣ ይታገላል። ስለዚህ ባለሙያው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ለየብቻ ማሰብ አለበት፤ ይኸውም ሕመምን ማስወገድ፣ ንቃትን ዝቅ ማድረግ ወይም ማጥፋት፣ እንዲሁም ጡንቻን ከእንቅስቃሴ ማቆም ነው።

ሦስቱን ሁሉ የሚፈጽም አንድ መድኃኒት የለም። ሞርፊን በዋናነት ሕመምን ያስወግዳል። ዲያዜፓምና ሚዳዞላም ንቃትን ዝቅ ያደርጋሉ፣ የሆነውንም ያስረሳሉ፤ ሕመምን ግን አያስወግዱም። ፕሮፖፎልና ታዮፔንታል ፈጥነው ያስተኛሉ፤ ነገር ግን የደም ግፊትን ስለሚያወርዱ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው አደገኞች ናቸው። ሳክሳሜቶኒየም ጡንቻን ብቻ ያቆማል። እንግዲህ በመንገድ ላይ ሆኖ መድኃኒት የሚመርጥ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ይህ ከሦስቱ የትኛውን ይሠራል?» የሚል ከሆነ፣ ስሙ ይህን ሊነግረው ይገባል። «ማስታገሻ» የሚለው ስም ይነግረዋልን?

ቃሉ «ታገሠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «አስታገሠ» ማለት ነገሩ ጋብ እንዲል አደረገ ማለት ነው። ጠብ ይስታገሣል፣ ረኃብ ይስታገሣል፣ የሚያለቅስ ልጅም ይስታገሣል። ከዚህ ስፋቱ የተነሣ ቃሉ ለሕመምም ለሁከትም ያገለግላል። ከመድኃኒት ቤት «ማስታገሻ ስጡኝ» የሚል ሰው የራስ ምታት ክኒን ይሰጠዋል፤ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ደግሞ ይኸው ቃል የሚያውከውን ሕመምተኛ ጸጥ የሚያሰኘው መርፌ ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች የሕክምና ማስረጃ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ስሕተት አይፈጠርም የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሽተኛውን ያመጣችው ነርስ ለሚረከባት ባልደረባዋ በር ላይ የምትናገረው በአማርኛ ነው። «ማስታገሻ ወስዷል» ስትል ሰሚው ሞርፊንን ቢያስብና ተናጋሪዋ ዲያዜፓምን ብታስብ፣ ሰሚው «እንግዲያውስ ሕመም አይሰማውም» ብሎ የተሰበረውን እግር ሊያቃና ይችላል። በተቃራኒውም፣ ዲያዜፓም መሰጠቱን ሳያውቅ ሞርፊን ቢጨምርበት ሁለቱ መድኃኒቶች ተባብረው ትንፋሽን ሊያቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ በእኔ አስተያየት «ማስታገሻ» ብቻውን መቆም የለበትም፤ ዘወትር «የሕመም ማስታገሻ» ተብሎ ለሞርፊንና ለመሰሎቹ ይወሰን፤ ንቃትን ዝቅ ለሚያደርጉት ግን ሌላ ስም ይፈለግ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ፣ ንግግሩ በአማርኛ በመሆኑ ሰዓቱም ሁለት ነው። ነርሷ «በስምንት ሰዓት ተወግቷል» ስትል ወረቀቱ 2:00 ይላል። ጠዋትን፣ ከሰዓት በኋላን ወይም ሌሊትን ሳይጨምሩ ሰዓት መጥራት በዚህ ሙያ ሊፈቀድ አይገባውም። ይህ የቃላት ሳይሆን የልማድ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

«ማደንዘዣ» ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው ስያሜ ነው። «እግሬ ደነዘዘ» ሲባል ማንም ይገባዋል፤ አካሉ አለ፣ ስሜቱ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ጥርስ ለመንቀል ድድ ላይ ለሚወጋው፣ ወይም ከወገብ በታች ለሚሰጠው መድኃኒት «ማደንዘዣ» እጅግ የተዋጣለት ቃል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ግሡ ከአካል ክፍል ወደ ሰው ሲሻገር ነው። ሰው «ደነዘዘ» ከተባለ አእምሮው ፈዘዘ፣ ማስተዋሉ ጠፋ ማለት ነው፤ «ደነዝ» ደግሞ ስድብ ነው። አንዲት ነርስ እንደ ነገረችኝ፣ ከደጋው የመጣ አንድ ወጣት በሽተኛ አባቱን ለቱቦው ሲያዘጋጁ አይቶ «ሲስተር፣ አባቴን ልታደነዝዟቸው ነው እንዴ?» ብሎ ክንዷን ይዟት ነበር። የፈራው የመርፌውን ሕመም አልነበረም፤ አባቱ ሲነቁ ሰው ሆነው እንዳይነሡ ነው። በዚህ ላይ ከዚያው ግንድ የበቀለው «አደንዛዥ» የሚለው ቅጽል «አደንዛዥ ዕፅ» በሚለው ሐረግ የፖሊስና የፍርድ ቤት ቃል ሆኖ ቀርቷል። ጥቂት ፊደላት ብንለዋውጥ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ እስር ቤት እንደርሳለን።

የባዕዱ ስም እንዴት እንደ ተገኘ ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዊልያም ሞርተን በጥቅምት ወር 1846 እ.ኤ.አ. ቦስተን ከተማ ውስጥ በኤተር ያለ ሕመም ቀዶ ሕክምና እንዲካሄድ ካደረገ በኋላ፣ ሐኪምና ደራሲ የነበረው ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደብዳቤ ጽፎለት ሁኔታው «አኔስቴዢያ» ተብሎ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ትርጉሙ በግሪክኛ «ያለ ስሜት» ነው። የእኛ ሊቃውንት ይህን ለመተርጐም ቢፈልጉ ኖሮ የሚስማማው ቃል በእጃቸው ነበር፤ «አምስቱ ሕዋሳት» ሲባል ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ መሆናቸውን የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳይቀር ያውቅ ነበርና። ነገር ግን «ሕዋስ» በሥነ ሕይወት ትምህርት የአካል ጥቃቅን ክፍል ስም ሆኖ ስለ ተመደበ ያ በር ተዘግቷል። ይህን የምጠቅሰው ለወቀሳ አይደለም፤ አንድን ቃል ለአንድ ሙያ ስንሰጥ ከሌላው ሙያ እንደምንወስድ ለማሳየት ነው። «ሙሉ ማደንዘዣ» የሚለውን ለቀዶ ሕክምና ከሕዝቡ አፍ መንቀል ስለማይቻል ልንቀበለው ይገባል። ወደ አምቡላንሱ ግን እንደ ጠቅላላ ስም ሊገባ አይገባውም።

ለሁለተኛው ሥራ፣ ማለትም ንቃትን ዝቅ ለማድረግ፣ አንዳንዶች «ማረጋጊያ» የሚለውን ይመርጣሉ። በመጀመሪያ ሲያዩት ያማልላል። በላቲን የባዕዱ ቃል ምንጭ የሆነው ግሥ ማስከን፣ ማስፈር ማለት ሲሆን የእኛም «ረጋ» ወተት ሲረጋ፣ የደፈረሰ ውኃ ሲረጋ የምንለው ነው፤ ሁለት የተራራቁ ቋንቋዎች በአንድ ምስል ተገናኝተዋል። ይሁንና በድንገተኛ ሕክምና ውስጥ «በሽተኛውን አረጋጉት» የሚለው ትእዛዝ ሌላ ባለቤት አለው፤ ደሙን አቁሙ፣ ግፊቱን መልሱ፣ ትንፋሹን አስተካክሉ ማለት ነው። ይባስ ብሎም ሦስተኛ ባለቤት አለው፤ ደንግጦ ለሚጮኸው በሽተኛና ለቤተ ሰቡ መልካም ቃል መናገርም ማረጋጋት ነው። ግፊቱ ወርዶ ለተሸበረ ሰው «አረጋጋው» ሲባል አንዱ ደም ለመስጠት ሲዘጋጅ ሌላው ዲያዜፓም ከቀዳ፣ ቃሉ በሽተኛውን ሊገድለው ይችላል። በድንገተኛ ክፍል በደም እጦትና በአየር እጥረት የሚቅበጠበጥ ሰው ብዙ ጊዜ አስቸጋሪ በሽተኛ መስሎ እንደሚታይ ሐኪሞች አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ።

የሚቀረው «ሰመመን» ነው፤ የዚህ ሒስ ዋና ነጥብም እርሱ ነው። በአማርኛ «በሰመመን ሰማሁት» የሚል ሰው አልተኛም፣ ግን ሙሉ በሙሉም አልነቃም፤ ድምፅ ይደርሰዋል፣ ቢጠሩት ይመልሳል፣ ቢነኩት ይባንናል፣ ትንፋሹም የራሱ ነው። ሐኪሞች ቀላልና መካከለኛ ብለው የሚለዩት የንቃት መቀነስ ከዚህ የተለየ አይደለም። ታዲያ ይህን ያህል ልክ የሆነውን ቃል ምን አደረግነው? «ሰመመን ሰጪ» ብለን ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ባለሙያው ሰጠነው፤ ማለትም በሽተኛው ቢጠሩት ለማይሰማበት፣ ቢቈርጡት ለማይነቃበት ሁኔታ አዋልነው። አንድን ጥሩ ቃል በተቃራኒው ቦታ ማዋል ማለት ይህ ነው። የኔ ሐሳብ «ሰመመን» ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ወጥቶ ወደ ትክክለኛ ትርጉሙ እንዲመለስ ነው፤ መድኃኒቱ «የሰመመን መድኃኒት»፣ ደረጃዎቹም «ቀላል ሰመመን»፣ «መካከለኛ ሰመመን»፣ «ጥልቅ ሰመመን» ተብለው ይጠሩ፤ ከዚያ ባሻገር ያለው «ሙሉ ማደንዘዝ» ይሁን። የማደንዘዣ ባለሙያዎች ቃሉን ስለ ለመዱት ቅር ሊሰኙ እንደሚችሉ አላጣሁትም፤ «ድንዛዜ» ከሚለው የስድብ ሽታ ሊያመልጡ ፈልገው እንደ ወሰዱትም እገምታለሁ። ነገር ግን ለአንድ ሙያ ክብር ሲባል የደረጃው ልዩነት መጥፋት የለበትም።

አሁን ከዚህ አከፋፈል ሁሉ የሚያፈነግጠውን እንመልከት። ኬታሚን በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተቀምሞ በ1964 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዎች ላይ ተሞከረ። በሀገራችን ሆስፒታሎች ባለሙያው ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ነው፤ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ለገጠር የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በደም ሥር ካልተቻለ በጡንቻ ይወጋል፣ ማቀዝቀዣ አይጠይቅም፣ ሕመምንም ያጠፋል፣ በተለመደው መጠንም የደም ግፊትንና ትንፋሽን አብዛኛውን ጊዜ አያወርድም። ነገር ግን የወሰደው ሰው የተኛ አይመስልም። ዐይኑ ተከፍቶ ሊንቀዋለል ይችላል፣ ምራቁ ይበዛል፣ እጁም ይንቀሳቀሳል፤ ሲነቃም ቅዠት ሊያስጨንቀው ይችላል። መድኃኒቱን ካጠኑት አንዱ የነበሩት ኤድዋርድ ዶሚኖ ሁኔታውን በምን ስም እንደሚጠሩት ቸግሯቸው ሳለ ከአካሉ «የተለያየ» የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ያቀረቡላቸው ባለቤታቸው እንደ ነበሩ ራሳቸው ተናግረዋል። ስሙ ከቤት ውስጥ ጨዋታ ወጥቶ የዓለም የሙያ ቃል ሆነ።

በአማርኛ ይህን የሚገልጽ ቃል የለም ማለት አይቻልም፤ አለ። «ፈዘዘ» ማለት ዐይኑ እያየ ልቡ ሌላ ቦታ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ማፍዘዣ» ለኬታሚን በትርጉም ረገድ እንደ ጓንት ልክ ነው። ግን «አፍዝ አደንግዝ» የሚለውን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማን ነው? ሌባ የቤቱን ሰው አፍዝዞ ዕቃ የሚሰበስብበት መድኃኒት አለ የሚለው ወሬ ከየሰፈሩ አልጠፋም። ዐይኑን ከፍቶ የማያይ አባት በፊቱ ለተጋደመበት ልጅ «አፍዘናቸው ነው» ማለት፣ ከ«አደነዘዝናቸው» የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። ስለዚህ የቃሉ ትክክለኛነት ብቻውን አያጸድቀውም። «ኬታሚን» የሚለውን ስም እንዳለ መያዝ፣ ለቤተ ሰቡም «ዐይናቸው ተከፍቶ ብታዩ አትደንግጡ፤ ሕመም አይሰማቸውም» ብሎ ማስረዳት ይሻላል። የመድኃኒትን ስም መዋስ ነውር አይደለም። የሚያሳስበኝ ግሥ መዋስ ነው፤ «ሴዴት አደረግነው»፣ «ኢንቱቤት ተደረገ» የሚለው አነጋገር የተደረገውን ነገር ከበሽተኛው ዘመድ ይሰውራል፣ ብዙ ጊዜም ከአምቡላንሱ ሾፌር ይሰውራል። ሾፌሩ ደግሞ በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ከኋላው ያለው ሰው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በማወቅ ነው።

የማደንዘዣ ዕውቀት ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ መንገድ መውጣት እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ በሀገራችን አለ፤ በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጠብታ አምቡላንስን የመሠረቱት አቶ ክብረት አበበ የማደንዘዣ ነርስ ነበሩ። «ጠብታ» የሚለው ስም፣ በኮሚቴ ተመክሮበት ቢሆን ኖሮ ምናልባት «የቅድመ ሆስፒታል ድንገተኛ ማጓጓዣ» ይሆን ነበር።

ወደ ረቂቁ ልመለስ። ከሦስቱ ስሞች እጅግ አደገኛው «ጡንቻ ማፍታቻ» ነው። ስፖርተኛ ከጨዋታ በፊት ጡንቻውን ያፍታታል፤ ማሳጅ የሚያደርግም ጡንቻ ያፍታታል። ስሙን የሚሰማ ሰው ድካም የሚያወጣ ነገር ይመስለዋል። እንግሊዝኛውም ቢሆን በዚህ ረገድ ጥፋተኛ ነው፤ የእኛ ተርጓሚዎች ልዝብነቱን አብረው ወሰዱት። መድኃኒቱ በእርግጥ የሚያደርገው የመተንፈሻ ጡንቻን ጨምሮ መላ አካልን ማቆም ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ንቃትን ፈጽሞ አይነካም። የዚህ ወገን መድኃኒቶች አባት የሆነው ኩራሬ፣ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ፍላጻቸውን የሚነክሩበት መርዝ፣ በ1942 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ወደ ቀዶ ሕክምና ከገባ በኋላ ራሱ ማደንዘዣ ነው ብለው የተሳሳቱ ሐኪሞች ነበሩ። ስኮት ስሚዝ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በራሳቸው አካል ላይ አስሞክረው ውጤቱን በ1947 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳተሙ፤ ጣታቸውን እንኳ ማንቀሳቀስ ተስኗቸው፣ ትንፋሻቸውም በሰው እጅ ሆኖ፣ ሁሉን ይሰሙ፣ ሁሉን ያስታውሱ ነበር። እንግዲህ የሰመመኑ መድኃኒት በደቂቃዎች ውስጥ ሲያልቅ፣ ቬኩሮኒየም ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲቆይ፣ ከጨንቻ ቁልቁል በሚወርደው አምቡላንስ ውስጥ የተጋደመው ሰው ጸጥ ብሎ ይታያል። ጸጥታው ግን ሰላም ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ለዚህ መድኃኒት ለስላሳ ስም መስጠት ክልክል መሆን አለበት እላለሁ። «ሽባ አድራጊ» የሚለውን ብዙዎች ያነሡልኛል፤ ነገር ግን ሽባነት በሕዝቡ ዘንድ የማይመለስ ነገር ስለሆነ ዘመድን ያለ አግባብ ያስደነግጣል። «አስላይ» ከ«ሰለለ» ቢወጣም ከስለላ ጋር ይጋጫል። የኔ ምርጫ «ጡንቻ አሳሪ» ነው። «እጅ እግሬ ታሰረ» ማለት በአማርኛ የቆየ አነጋገር ነው፤ የታሰረ ሰው ያያል፣ ይሰማል፣ ግን አይንቀሳቀስም። የታሰረም ይፈታልና የቬኩሮኒየምን ሥራ ለሚሽረው ለኒዮስቲግሚን «ፈቺ» የሚለው ስም ከዚያው ጥንድ ሳይደክሙ ይገኛል። «ሰመመን ሳይሰጥ አሳሪ አይሰጥም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንድ የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ ቢሰማው ምክንያቱን ለማስረዳት ብዙ አያደክምም፤ «ማስታገሻ ሳይሰጥ ማፍታቻ አይሰጥም» ከሚለው ጋር አንባቢ ራሱ ያወዳድረው። በአርባ ምንጭ ቆላ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ሳክሳሜቶኒየም በማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በሚያልፍበት ቀን በአምቡላንስ ሣጥን ውስጥ የከረመ ብልቃጥ ኃይሉ መቀነሱን ከውጭ አይናገርም። በብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው የአማርኛ ጽሑፍ «አሳሪ፤ በቅዝቃዜ ይቀመጥ» ቢል ሁለቱንም ማስጠንቀቂያ ይይዛል።

ሦስተኛው ስም «የመተንፈሻ ቱቦ» ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አላጠፋም። ሐረጉ ተፈጥሮ የሰጠንንም ከፕላስቲክ የተሠራውንም ያመለክታል፤ «የመተንፈሻ ቱቦው ተዘግቷል» ሲባል የትኛው እንደ ተዘጋ አይታወቅም፣ መፍትሔውም የተለያየ ነው። የተፈጥሮውን «የአየር ቧንቧ»፣ የፕላስቲኩን «ቱቦ» ማለት ብቻ ይበቃል። በአንጻሩ ረቂቁ «ባዕድ ነገር ወደ ሳንባ የመግባት ክስተት» እያለ በስድስት ቃላት የሚደክምለትን ነገር፣ ማንኛዋም እናት «ትን አለው» ብላ ትጨርሰዋለች። «ትንታ» ያለን ሰዎች ሐረግ መበደር አያስፈልገንም። «ሆዱ የሞላ በሽተኛ ትንታ ያሰጋዋል» ቢባል ነርሱም፣ ሾፌሩም፣ ዘመዱም ይረዱታል።

በመጨረሻ ስለ ጋሞኛ አንድ ቃል። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ የሚጠቅመው በአምቡላንሱ ውስጥ ባሉት ባለሙያዎች መካከል ነው፤ ከጨንቻ፣ ከዲታ፣ ከቦንኬ ወይም ከካምባ የሚመጣው ቤተ ሰብ ግን ብዙውን ጊዜ በጋሞኛ የሚያስብ ነው፤ አስተርጓሚው «ማደንዘዣ» የሚለውን በምን እንደሚመልሰው እኛ አናውቅም። እዚህ ላይ ቃልን ከላይ ፈጥሮ መጫን የሚያስከትለውን አካባቢው በ1992 ዓ.ም. አይቶታል። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን በአንድ አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ በሶዶ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ፣ መጻሕፍቱ ተሰብስበዋል። ስለዚህ የጋሞኛዎቹን ስሞች የቋንቋው ተወላጆች የሆኑ ነርሶችና አዋላጆች ራሳቸው ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ቢሰበስቡ፣ የእኛ ድርሻ መመዝገብ ብቻ ቢሆን ይሻላል። ያቺ ክንዷ የተያዘባት ነርስ የጨንቻ ተወላጅ ናት፤ ለወጣቱ በጋሞኛ ምን ብላ እንደ መለሰችለት ስጠይቃት፣ አባቱ ለጥቂት ጊዜ ከሕመማቸው ራቅ ብለው እንደሚቆዩና ከዚያ እንደሚመለሱ ነግሬዋለሁ አለችኝ። ክንዷን ለቀቀ። የተናገረችውን በጋሞኛ ጽፋ እንድትሰጠኝ ለምኛታለሁ፤ ሲደርሰኝ ለዚህ መጽሔት አቀርበዋለሁ። ለኬታሚን ከእኔ የተሻለ የአማርኛ ስም ያገኘ አንባቢም ቢልክልን ደስ ይለናል።